የዛፉን ስም እንጂ የሥሩን ስም አንጠይቅም

ባለፈው በጋ ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኝ በአንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ቆመን ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ከ5 ዓመት በፊት ተቀብለው የተከሏቸውን 10 የፖም ዛፎች በተራ አሳዩን። (ፖም ማለቴ የቀድሞ ልማድ ይዞኝ ነው፤ ዛሬ ገበሬውም ከተሜውም አፕል ይለዋልና እኔም ከዚህ በኋላ አፕል እላለሁ።) 6ቱ ዛፎች ደኅና ናቸው። 4ቱ ግን ቅጠላቸው ያለ ጊዜው ቀልቷል፤ ግንዳቸው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ልጡ ጠቁሮና ረጥቦ በጣት ሲነኩት እንደ በሰበሰ ቆዳ ይላጣል።

አብሮን የመጣው ወጣት የግብርና ሠራተኛ ደብተሩን ገልጦ፣ «አባቴ፣ ዝርያው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«አፕል ነው እንጂ ልጄ።»

«አፕልነቱንማ አየሁት። ስሙን ማለቴ ነው።»

«አና ነው ብለው ነው የሰጡኝ።»

ወጣቱ «አና» ብሎ ጻፈ። እኔም ነገረኛ ሆኜ፣ «ሥሩስ ምን ይባላል?» ስል ጣልቃ ገባሁ። ሁለቱም ዘወር ብለው አዩኝ። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፣ «ሥሩማ መሬት ውስጥ ነው፤ ማን አይቶት ስም ያወጣለታል?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የ4ቱ ዛፎች በሽታ ምክንያት ከዚያ ካልተጻፈው ስም ጋር የተያያዘ ይመስለኛልና።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከችግኝ ጣቢያ የሚወጣ የአፕል፣ የብርቱካን ወይም የአቮካዶ ችግኝ ብዙውን ጊዜ አንድ ዛፍ አይደለም፤ ሁለት ነው። ከታች ሥሩንና አንድ ስንዝር ያህል ግንዱን የሚሰጥ አንድ ተክል አለ። በእርሱ ላይ፣ ፍሬው የተወደደለት የሌላ ዛፍ ቀንበጥ ተቆርጦ ይጣበቅበታል፤ ቁስሉ ሲሽር ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ያድጋሉ። ገበሬው ይህን «የተዳቀለ ችግኝ» ይለዋል። ቃሉ እንኳ ጥቂት ያሳስታል፤ በቅሎ ከአህያና ከፈረስ የምትገኝበት ዓይነት መቀላቀል እዚህ የለም። የላይኛው የላይኛውን፣ የታችኛውም የታችኛውን ጠባይ እንደ ያዙ እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ። ፍሬው ወደ ላይኛው ይወጣል። የዛፉ ቁመት፣ ፍሬ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ፣ ድርቁንና ረግረጉን፣ መራራውንና ጨዋማውን መቻሉ ግን በብዙው የታችኛው ሥራ ነው። እኔ ይህን የታችኛውን ክፍል ሥረ ግንድ እያልሁ እቀጥላለሁ።

በዚያው ሰሞን ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ የመጣ አንድ የግብርና ተማሪ አገኘሁና ስለ ሥረ ግንድ ምን እንደ ተማረ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ተምረናል እንጂ! ጨዋማ የመስኖ ውኃ የሚችሉት የትኞቹ፣ የማይችሉት የትኞቹ እንደ ሆኑ ለፈተና ሸምድደናል። ግን ለኛ አገር ምን ይረባል? የኛ ውኃ ከጉና ነው የሚወርደው። ጨው ከወዴት ይመጣበታል?» አለኝ።

የዚህ ልጅ ንግግር ግማሹ ልክ ነው። ግማሹ ግን ልክ ባለመሆኑ ነው ዛሬ ብዕር ያነሣሁት።

ልክ የሆነውን እናስቀድም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ጣፋጭ ውኃ ናቸው። ጣናም ራሱ እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ጣፋጭ ማለት ጨው የሌለበት ማለት አይደለም። ከዓለት ላይ የሚወርድ ውኃ ሁሉ የዓለቱን ጨው በጥቂቱ አሟሙቶ ይይዛል። ጣናን በሚመስል ውኃ ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ ከ100 እስከ 150 ግራም ያህል የሟሟ ጨው ይገኛል ብንል ከእውነት አንርቅም። እንግዲህ አንድ ሰው አንድ ሄክታር የፍራፍሬ ማሳውን በበጋ 5,000 ሜትር ኩብ ውኃ ቢያጠጣ፣ ሳያውቀው ከ5 እስከ 7 ኩንታል ተኩል ጨው በማሳው ላይ በተነ ማለት ነው። ዛፉ ውኃውን ይጠጣል፤ ፀሐይም ትወስደዋለች፤ ጨው ግን አይተንንም። እዚያው ይቀራል።

ታዲያ የደብረ ታቦር መሬት እስከ ዛሬ ለምን ጨው አልሆነም? መልሱ ክረምት ነው። በደብረ ታቦር በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ ያውም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ይህ ሁሉ ውኃ በአፈሩ ውስጥ ሰርጎ ሲያልፍ በበጋ የቀረውን ጨው እያጠበ ወደ ታች ይወስደዋል። ደገኛው ስለዚህ ነገር አስቦም አያውቅ፤ ማሰብም አላስፈለገውም።

አሁን ደግሞ ወደ አዋሽ እንውረድ። መካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራና መልካ ሰዲ አካባቢ፣ የዓመቱ ዝናብ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ፀሐይ ልትወስደው የምትችለው ውኃ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የወንዙ ውኃ ከጣና ይልቅ ጨው ይበዛበታል፤ በአንድ ሜትር ኩብ 300 ግራም ብቻ ብንይዝለት እንኳ 10,000 ሜትር ኩብ የጠጣ አንድ ሄክታር በየዓመቱ 30 ኩንታል ጨው ይቀበላል። የሚያጥብ ክረምት ደግሞ የለም። በዚያ ላይ ሰው ራሱ ችግር ጨመረበት። መስኖው ሲጀመር የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሥር እጅግ ርቆ ነበር። ከሚያስፈልገው በላይ የፈሰሰው ውኃ እየሰረገ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንን ውኃ ወደ ላይ አመጣው፤ ወደ ሥሩ አካባቢ ሲደርስ እንደ ጧፍ ክር ጨውን ይዞ ወደ ገጽ ይሳብ ጀመር። ነጭ የጨው ቅርፊት የታየባቸውና ከእርሻ የወጡ ማሳዎች በዚያ አገር የአደባባይ ምስጢር ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ከመሬት በታች የተቀበሩ የውኃ ማፍሰሻ ቱቦዎች የተዘረጉትም ለዚሁ ነው። ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ነበረ ይነገራል፤ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጨዋማ ውኃው የአዋሽ ባለሥልጣኖችንና የስኳር አገዳውን ሰዎች ሲያስጨንቅ ይኖራል።

አስቡት እንግዲህ፤ አያቶቻችን ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ሲመጣ እንደ ገንዘብ ቈጥረው የተገበያዩበት አሞሌ፣ በዚያው በአፋር ምድር ዛሬ የገበሬ ጠላት ሆኗል።

ጨው ዛፍን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ውኃውን ከሥሩ ይሻማል፤ አፈሩ ርሶ ሳለ ዛፉ ይጠማል። ሁለተኛው፣ በጨው ውስጥ ያሉት ክሎራይድና ሶዲየም በሥሩ አልፈው ወደ ቅጠል ይወጣሉ፤ ቅጠሉም ከጫፉና ከዳሩ ጀምሮ እንደ ተለበለበ ይደርቃል፤ አሮጌው ቅጠል ቀድሞ ይታመማል። ሦስተኛው፣ ሶዲየም ሲበዛ የአፈሩን እንክብል ያፈርሰዋልና መሬቱ ሲረጥብ ማጥ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ነው የእኛ ጉዳይ፤ ምክንያቱም ሥር ከሥር የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ በቴክሳስ፣ በሪዮ ግራንዴ ሸለቆ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ኩፐር የተባለ ሊቅና ባልደረቦቹ የብርቱካን ዘሮችን ቀንበጥ በልዩ ልዩ ሥረ ግንድ ላይ እያጣበቁ ጨዋማ ውኃ አጠጧቸው። ላዩ አንድ ዓይነት፣ አፈሩና ውኃው አንድ ዓይነት፣ ሥሩ ብቻ ልዩ። በቅጠሉ ውስጥ የተገኘው ክሎራይድ ግን ከሥር ወደ ሥር እጅግ ተራራቀ። ክሊዮፓትራ የሚባለው መንደሪንና ራንግፑር የሚባለው ሎሚ ክሎራይዱን ከሥራቸው ላይ ይገቱታል፤ ጎምዛዛው ብርቱካን መካከለኛ ነው፤ ባለ ሦስት ቅጠሉ ብርቱካንና ከእርሱ የተወለዱት ሲትራንጅ የተባሉት ደግሞ ክሎራይዱን ያለ ከልካይ ወደ ላይ ያሳልፉታል። የሚገርመው፣ ይኸው ባለ ሦስት ቅጠል ሶዲየምን በመግታት የተሻለ መሆኑ ነው። ስለዚህ «ጨው ይችላል» ብሎ ነገር በጥቅሉ የለም፤ የትኛውን ጨው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

በአቮካዶም እንዲሁ ነው። አቮካዶ ሦስት ወገን አለው። ከምዕራብ ኢንዲስ ቆላ የመጣው ወገን ሥሩ ጨውን ይሻላል፤ ከሜክሲኮ ደጋ የመጣው ቅዝቃዜን ይችላል፣ ጨውን ግን ፈጽሞ አይወድም፤ የጓቴማላው በመካከል ነው። ዛሬ በየወረዳው ሐስ የሚባለው አቮካዶ ተጣብቆ ሲታደል፣ ከሥሩ ያለው ከየትኛው ወገን ዘር የበቀለ እንደ ሆነ የሚጽፍ ጥቂት ነው። አቮካዶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 በሐረርጌ ሒርና ከተተከለ ወዲህ በአገራችን ተራብቶ፣ ዘሩም እርስ በርሱ ተቀላቅሎ የሚኖር ነውና፣ ከገበያ በተለቀመ ፍሬ የበቀለ ሥር ጠባዩ እንደ ዕጣ ነው።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ «እንግዲያው ጨው የሚችለውን መርጦ ሁሉም ጋ መትከል ነው» እንዳይል እፈራለሁ። የብራዚሎች ታሪክ መልስ ይሆነዋል። ጎምዛዛው ብርቱካን ውኃ የቋተበትን አፈርና የግንድ መበስበስን በመቻሉ ለብዙ ዘመን በዓለም የተወደደ ሥረ ግንድ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትሪስቴዛ የተባለ፣ በክሽክሽ የሚተላለፍ በሽታ በብራዚልና በአርጀንቲና ሲገባ፣ በዚህ ሥር ላይ የተጣበቁ በሚሊዮን የሚቈጠሩ የብርቱካን ዛፎች ደረቁ። ቃሉ በፖርቱጋልኛ ኀዘን ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት ገበሬዎች ናቸው ቢባል አይደንቅም። ብራዚሎች ያን ጊዜ ወደ ራንግፑር ተሻገሩ፤ ከትሪስቴዛ አመለጡ፤ ራንግፑር ደግሞ የራሱ ሌላ በሽታ አለው። ክሊዮፓትራም ጨውን ይቻል እንጂ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ የባለቤቱን ትዕግሥት ይፈታተናል። ነውር የሌለበት ሥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሚሻለው ለየትኛው መሬት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

ሥር ብቻውን የማያድንበት ቦታም አለ። ማስ እና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ልዩ ልዩ ሰብሎች የሚችሉትን የአፈር ጨው መጠን በሰንጠረዥ አውጥተዋል። የሚለካው አፈሩን ያራሰው ውኃ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት ኃይል ሲሆን፣ ብርቱካን 1.7 ላይ መጎዳት ይጀምራል፤ ኮክም እንደዚሁ። ቴምር እስከ 4፣ ጥጥ እስከ 7.7 ይችላል። ከሁሉም የሚበልጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የጋይንት ሰው በየዓመቱ የሚዘራው ገብስ ነው፤ እስከ 8 ይታገሣል። ጨው አይቶ በማያውቅ ደጋ ላይ የጨው ጀግና ስንዘራ ኖረናል ማለት ነው። በመልካ ሰዲ ጥጡ በቆመበት መሬት ሙዙ የተቸገረው፣ በአፋርም ለቴምር ልዩ ትኩረት የተሰጠው በዚህ የተነሣ ነው። አፈሩ 8 እና 10 ከደረሰ በኋላ ግን የብርቱካን ሥር ቢለዋወጥ ምንም አይፈይድም። በዚያ የሚረባው የውኃ ማፍሰሻ ቦይና ጨውን አጥቦ የሚያወርድ ትርፍ ውኃ ነው፤ ቦዩ ሳይኖር ትርፍ ውኃ ማፍሰስ ደግሞ ነገሩን ማባባስ ይሆናል።

አሁን ወደ ተማሪው ግማሽ ስሕተት እንመለስ። «ጨው የለብንም» ማለቱ ልክ ነው። «ስለዚህ አይመለከተንም» ማለቱ ነው ያልጣመኝ። ጨውን ከደብረ ታቦር አፈር አጥቦ የወሰደው ክረምት እኮ ጨውን ብቻ ለይቶ አልወሰደም! ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙንም አብሮ አጠበው። የአዋሽ መሬት ምንም ባለመታጠቡ ታመመ፤ የእኛ ደግሞ ከመጠን በላይ በመታጠቡ ታመመ። የእኛው በሽታ መኮምጠጥ ይባላል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በዚህ እንደ ተነካ ይገመታል፤ የደቡብ ጎንደር ደጋም አንዱ ነው። አፈር በኮመጠጠ ጊዜ በውስጡ ተኝቶ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያደነዝዘዋል፤ ፎስፈረሱም ይታሰራል። ዛፉ በማዳበሪያ መካከል ቆሞ ይራባል። የአፕል ፍሬ ካልሲየም ሲያጣ ሥጋው ውስጥ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፤ ገበያ ላይም ማንም አይነካውም።

የመድኃኒቱን ነገር አያችሁ? ለእኛ ኖራ ነው። እናቶቻችን ከምድጃ እየጠረጉ ጓሮ የሚደፉት አመድም ያው የኖራ ወንድም ነው፤ የጓሮ አፈር ከሩቁ ማሳ ይልቅ ለፍሬ ዛፍ የሚመቸው ስለ ፍጉ ብቻ ሳይሆን ስለ አመዱም ነው። ነገር ግን ይህን ምክር በደብተሩ ጽፎ ወደ አሚባራ የተዛወረ ባለሙያ በዚያ አመድ ድፉ ቢል፣ በጨው ላይ ጨው ጨመረ። ሹመትና ዝውውር ደግሞ አይታወቅም፤ ዛሬ ፋርጣ ያለ ወጣት ነገ ወረር ሊላክ ይችላል።

ከመኮምጠጥ ሌላ ዋልካ አለብን። ተዳፋቱ ቀይ አፈር ሆኖ ውኃውን ያሳልፋል፤ ሜዳው ግን በሐምሌና በነሐሴ ውኃ አቁሮ የሚከርም ጥቁር መሬት ነው። የሽማግሌው 4 ዛፎች የቆሙት ከጓሮው ዝቅ ባለው በዚሁ ጥቁር መሬት ላይ ነበር። የአፕል ሥረ ግንዶች በአብዛኛው በእንግሊዝ አገር በኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ የተለዩ ወይም ከዚያ ጋር በመተባበር የተገኙ ናቸው። በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ፤ ኤም 9፣ ኤም ኤም 106፣ ኤም ኤም 111 እየተባሉ። ለገበሬው ይህ የመኪና ሰሌዳ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ቁጥር ግን ጠባይ አለው። ኤም ኤም 106 ቶሎ የሚያፈራ፣ ቁመቱም መካከለኛ የሆነ ደግ ሥር ነው፤ ነገር ግን ውኃ በቆመበት አፈር ላይ በሚነሣው የአንገት መበስበስ በሽታ ቶሎ ይጠቃል። ኤም 9 ይህን በሽታ ይቋቋማል፤ ዳሩ ግን ሥሩ አጭርና ተሰባሪ ስለ ሆነ ደጋፊ እንጨትና የማያቋርጥ ውኃ ይፈልጋል፤ በጋውን ያለ ውኃ የሚተው ገበሬ አይመቸውም። ኤም ኤም 111 ጠንከር ያለ፣ ድርቁንም ርጥበቱንም በተሻለ የሚችል ነው፤ ነገር ግን ዛፉ ይተልቃል፤ ፍሬውም ይዘገያል።

እኔ ያየሁት መበስበስ ይህ በሽታ መሆኑን ለማረጋገጥ ቤተ ሙከራ አልነበረኝም። ምልክቱ ግን ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ሥሩ ምን እንደ ነበረ ቢጻፍ ኖሮ ግማሹ ምርመራ አልቆ ነበር። አሁን ግን በሚቀጥለው ዓመት እኒያኑ ችግኞች ለጎረቤቱ ዋልካ እንደማይታደሉ የሚያውቅ ማን ነው?

የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም በዘመኔ ሰጥቼዋለሁ። «ገበሬው የሚፈልገው ችግኝ ነው እንጂ ስም አይደለም» ይባላል። «የተሰጠን ዕቅድ በቁጥር ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ የበላዩ የሚጠይቀው ስንት ሺህ ችግኝ ተሠራጨ ብሎ ነው፤ የበታቹም ስንት ሺህ ተሠራጨ ብሎ ይመልሳል። ከ5 ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ሪፖርት ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። ችግኝ እንደ ስንዴ ዘር ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የአንድ ዓመት ነበር፤ የዘንድሮው ባይሆን የከርሞው ይካሳል። የፍሬ ዛፍ ግን ገበሬውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ያስጠብቀዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መሬቱን ይይዝበታል፤ ከከብት ይጠብቀዋል፤ በበጋ በእንስራ ያጠጣዋል፤ ልጁን «ይህ ሲያፈራ ደብተርህን እገዛበታለሁ» ይለዋል። ዛፉ በ5ኛው ዓመት ሲሞት የሞተው 1 ችግኝ አይደለም።

ሁለተኛው መልስ «የእናት ዛፍ ተክል የለንም፤ ያገኘነውን ሥር እናጣብቃለን» የሚል ነው። ይህም በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ ችግሩንም በአንድ ጀንበር እንፈታዋለን አልልም። ነገር ግን «ያገኘነው ሥር» ምን እንደ ሆነ መጻፍ እናት ዛፍ አይጠይቅም። አንዲት የቆርቆሮ ቁራጭና አንድ ምስማር ይበቃሉ። ከላይ የቀንበጡ ስም፣ ከታች የሥሩ ስም፣ የተጣበቀበት ዓመትና ጣቢያው። ሥሩ ካልታወቀም «አልታወቀም» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህም ዕውቀት ነው። በአገራችን አፕል በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሚሲዮናውያን እጅ ወደ ጨንቻ ከገባ ወዲህ፣ የጋሞ ደገኞች ችግኝ እያራቡ እስከ መሸጥ የደረሱት ቀንበጡንም ሥሩንም በእጃቸው ይዘው ስለ ለመዱ ነው። የእኛም ወጣቶች ይህን ሙያ ለመልመድ የሚያንሳቸው ነገር የለም።

ስለ ፎገራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጉና ግርጌ ያለው የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ሽንኩርት ይበቅልበታል። የርብ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የበጋው መስኖ እንዲሰፋ ይታሰባል። ውኃው ጣፋጭ ነው፤ ጎርፉም በየክረምቱ ያጥባል፤ ስለዚህ ፎገራ አሚባራ ይሆናል ብዬ የማስፈራራት ሰው አይደለሁም። ነገር ግን መሬቱ ውኃ የማያሳልፍ ዋልካ ነው፤ የከርሰ ምድሩም ውኃ ቅርብ ነው። በአሚባራ ጉዳቱ የጀመረው ከጨው አልነበረም፤ ከሥር ወደ ላይ ከመጣው ውኃ ነበር። በሰንጠረዡ ላይ ሽንኩርት የሚጎዳው ከ1.2 ጀምሮ ነው፤ ከብርቱካንም ቀድሞ ይታመማል። በየቀበሌው ጥቂት ጉድጓዶችን መርጦ በወር አንድ ጊዜ የውኃውን ጥልቀት በሜትር ገመድ ለክቶ መጻፍ ለአንድ ወጣት ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። መዝገቡ 10 ዓመት ሲሞላው የርብ ሜዳ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ይናገራል። የአሚባራ ሰዎች መለካት የያዙት ውኃው ከመጣ በኋላ ነው ይባላል፤ እኛ ግን ገና ከሩቅ ሳለ ልንለካው እንችላለን።

ወደዚያ ጓሮ ከ2 ሳምንት በኋላ ተመልሼ ሄድሁ። ወጣቱ ሠራተኛ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ከ6ቱ ደኅና ዛፎች ግንድ ላይ ተከምሮ የነበረውን አፈር ሽማግሌው በዶማ ገላልጠውታል፤ ቀንበጡና ሥሩ የተጣበቁበት ቦታ እንደ ጉልበት እብጥ ብሎ ከመሬት በላይ ይታያል። ቀድሞ አፈሩ ይህን ውጦት ነበር። ከጓሮው ራስ ጀምሮ ወደ ገደሉ የሚያወርድ ቦይም ተቀዷል።

«እኒያን የሞቱትን ነቅዬ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ልትከልበት?» ሲሉ ጠየቁን።

ወጣቱ ፈጠን ብሎ፣ «የለም አባቴ፣ በዚያ ጉድጓድ አይሆንም፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል። ወደ ላይ፣ ከቀዩ አፈር ላይ ደለል አድርገን ከፍ ባለ መደብ እንትከለው» አላቸው።

«ከዚያማ ባሕር ዛፍ አለብኝ።»

«ጥቂቱን ቢቈርጡትስ?»

ሽማግሌው ባሕር ዛፎቹን አሻቅበው አዩ፤ ብዙ ቆዩ። የሚሸጡበትን ዋጋ እየቈጠሩ መሆናቸውን ሁላችንም አውቀናል። «የምትሰጠኝ ሥር የትኛው እንደ ሆነ መጀመሪያ ንገረኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባሕር ዛፉ እንነጋገራለን» አሉት።

ወጣቱ ደብተሩን ገልጦ ከ«ዝርያ» ቀጥሎ በእጁ መስመር አሰመረና «ሥር» ብሎ ጻፈበት። ከሥሩ ያለውን ቦታ ለጊዜው ባዶ ተወው፤ ለችግኝ ጣቢያው ስልክ ሊደውል ወደ መንገዱ ወጣ።